ገንዳውና ቁጥሩ፦ የዘር ልዩነት በአሜሪካ የዋና ስፖርት ታሪክ

በማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ውስጥ ቁጥር ከፍ ያለ ሥልጣን አለው። አንድ ጊዜ በሠንጠረዥ ላይ ከሰፈረ በኋላ ማን እንደ ቆጠረው፣ ምን ቆጥሮ ምን እንደ ተወ መልሶ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። በተለይም ቁጥሩ ሁለት ዘሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የአንደኛውን ዝቅተኛነት የሚያሳይ በሚመስልበት ጊዜ፣ ልዩነቱን ከሰዎቹ ደምና አጥንት የመነጨ አድርጎ መገመት ለብዙዎች ቀላል መንገድ ሆኖ ኖሯል።

ለዚህ ዓይነቱ አነባበብ ጥሩ ምሳሌ ከሚሆኑት አንዱ የዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ የዋና ስፖርት ነው። በዚያ አገር ጥቁር ልጆች በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሰምጠው የሚሞቱበት መጠን ከነጭ ልጆች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሩጫ፣ በቡጢና በቅርጫት ኳስ ስማቸው የገነነው ጥቁር አሜሪካውያን በዋና ውድድር ግን ለረጅም ዘመን የሉም ሊባል በሚችል ደረጃ ላይ ነበሩ። እነዚህ ሁለት ሐቆች ሲገጣጠሙ የጥቁር ሰው አካል ከውሃ ጋር አይስማማም የሚል ድምዳሜ ወለዱ። ይህም ድምዳሜ በተራ ሰዎች ጨዋታ ብቻ ሳይወሰን በትምህርት መጽሔትና በቴሌቪዥን ጭምር ተሰምቷል።

የመዋኛ ገንዳ ግን የግንባታ ሥራ ነው። የት እንደሚቆፈር፣ በምን ያህል ስፋትና ጥልቀት እንደሚሠራ፣ ውሃው እንዴት እንደሚጣራና በሩ ለማን እንደሚከፈት የሚወስን አካል አለ። ስለዚህ የሞቱን ቁጥር ለመረዳት አስቀድሞ የገንዳዎቹን ታሪክ መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት መጻሕፍት

ክርክሩ ከዋና በፊት በሞት መዝገብ ላይ ተጀመረ። በ1896 የፕሩደንሺያል ኢንሹራንስ ኩባንያ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የነበረው ፍሬድሪክ ሆፍማን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የዘር ጠባይ አንድ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። ሆፍማን የጀርመን ተወላጅ በመሆኑ በጉዳዩ ላይ ከአድልዎ ነጻ እንደ ሆነ በመቅድሙ ገለጸ። ከዚያም በከተሞች የጥቁሮች የሞት መጠን፣ በተለይም በሳንባ ነቀርሳ፣ ከነጮች የበለጠ መሆኑን በሠንጠረዥ አስደግፎ አቀረበ። ቁጥሮቹ በአብዛኛው ከመንግሥት መዝገብ የተወሰዱ ነበሩ። ሆፍማን ግን የሞቱን ምክንያት በኑሮ ሁኔታ ላይ ሳይሆን በዘር ጠባይ ላይ አሳረፈው፤ በመጨረሻም ዘሩ እየመነመነ ሄዶ እንደሚጠፋ ተነበየ። መጽሐፉም የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጥቁሮችን ላለመቀበል ወይም በዝቅተኛ ውል ለመቀበል ለሚያቀርቡት ምክንያት ማስረጃ ሆኖ አገለገለ።

በማግስቱ ዓመት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር የነበረው ኬሊ ሚለር የመጽሐፉን አኃዛዊ መሠረትና አመክንዮ እየነቀሰ መልስ ጻፈ። በ1899 ደግሞ ዱ ቦይስ በፊላዴልፊያ ከተማ ያካሄደውን ጥናት በመጽሐፍ አወጣ። ዱ ቦይስ የሞት መዝገብን በማገላበጥ ብቻ አልተወሰነም፤ ሰባተኛው ቀበሌ በሚባለው የከተማዋ ክፍል ቤት ለቤት እየዞረ የነዋሪውን ሥራ፣ ገቢ፣ የቤት ኪራይና የቤቱን ሁኔታ መዘገበ። ከመዘገባቸው 2441 ቤተሰቦች መካከል የመታጠቢያ ክፍልና በውሃ የሚሠራ መጸዳጃ የሚያገኙት 334 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 13.7 መሆኑ ነው።

የሁለቱ ሰዎች ልዩነት በዚህ አኃዝ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሆፍማን የሟቾችን ቁጥር ከዘር ዓምድ አጠገብ አሰፈረ። ዱ ቦይስ ደግሞ ከሞቱ አጠገብ የቧንቧውን ቁጥር አሰፈረ። ሠንጠረዡ አንድ ዓምድ በጨመረ ጊዜ የጥያቄው መልክ ተለወጠ፤ በሽታው ከደም ውስጥ ወጥቶ ወደ ጓሮው፣ ወደ ውሃ መስመሩና ወደ ኪራይ ቤቱ ተዛወረ። ከዚህ በኋላ የሚተረከው የገንዳ ታሪክም በዚሁ መንገድ የሚነበብ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ገንዳዎች

የሕዝብ መዋኛ ገንዳ በአሜሪካ ሲጀመር ዓላማው ስፖርት አልነበረም። ዱ ቦይስ ያጠናት ፊላዴልፊያ ራሷ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ በድሆች ሰፈሮች ገንዳዎችን ስትሠራ፣ በቤቱ መታጠቢያ የሌለው ሠራተኛ ገላውን እንዲታጠብበት ብላ ነበር። ገንዳው የመታጠቢያ ምትክ በመሆኑ ከመግባት በፊት ሰውነትን መታጠብ አያስፈልግም ነበር። በሽታን የሚያስተላልፉት ጀርሞች መሆናቸው በሰፊው ከታወቀ በኋላ ግን አሠራሩ ተለወጠ፤ ገላውን ያልታጠበ ሰው ወደ ገንዳው እንዳይገባ ተከለከለ፤ ውሃውን ማጣራትና በክሎሪን ማከምም የሥራው ክፍል ሆነ።

የአሜሪካን የመዋኛ ገንዳ ታሪክ በስፋት ያጠናው ጄፍ ዊልትሲ የተባለ የታሪክ ምሁር እንዳሳየው፣ በሰሜን አሜሪካ ከተሞች በነበሩት በእነዚያ የመጀመሪያ ገንዳዎች ጥቁርና ነጭ የሠራተኛ ልጆች አብረው ይዋኙ ነበር። በዚያን ጊዜ በጥብቅ የሚለያዩት ወንዶችና ሴቶች ነበሩ፤ ለሁለቱም የተለያየ ቀን ተመድቦላቸው ነበር። ይህ ሥርዓት የተለወጠው በ1920ዎቹ ዓመታት ነው። ከተሞች ለመዝናኛ የሚሆኑ ሰፋፊ፣ የፀሐይ መሞቂያ አሸዋና ሣር ያላቸው ገንዳዎችን ሠርተው ወንዶችና ሴቶች አብረው እንዲዋኙ ፈቀዱ። የጾታው አጥር በተነሣበት ቦታ የዘር አጥር ተተከለ። ነጭ ሴቶች ባሉበት ውሃ ውስጥ ጥቁር ወንዶች እንዳይገቡ መፈለጉ ዋነኛው ምክንያት ነበር፤ ጥቁሮች በሽታ ያስተላልፋሉ የሚለውም ፍርሃት ተጨመረበት። በዚያው ዘመን አያሌ ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተሞች በመፍለስ ላይ ስለ ነበሩ የሰፈር ውጥረቱ እየከረረ ሄዷል።

ውሃው ላይ የተሰመረው መስመር ምን ያህል ገዳይ ሊሆን እንደሚችል ቀደም ብሎ በቺካጎ ታይቷል። ጁላይ 27 ቀን 1919 ዩጂን ዊልያምስ የተባለ የ17 ዓመት ጥቁር ወጣት በሚሺጋን ሐይቅ ሲዋኝ ማንም በሕግ ያልደነገገውን የነጮች ክልል አልፎ ተገኘ። አንድ ነጭ ሰው ድንጋይ ይወረውር ጀመር፤ ወጣቱም ሰምጦ ሞተ። ፖሊስ በስፍራው የተጠቆመውን ሰው አልይዝም በማለቱ ብጥብጥ ተነሥቶ ለቀናት ሲቀጥል 23 ጥቁሮችና 15 ነጮች በድምሩ 38 ሰዎች ሞቱ።

በፒትስበርግ ከተማ ደግሞ በ1931 የሃይላንድ ፓርክ ገንዳ ሲከፈት ለመዋኘት የመጡ ጥቁሮች ከበሽታ ነጻ መሆናቸውን የሚገልጽ የጤና ወረቀት እንዲያሳዩ ተጠየቁ። ነጮቹ ይህን አልተጠየቁም። በቀጣዮቹ ቀናት ወደ ውሃው የገቡት ፖሊስ እያየ ተደበደቡ። በደቡብ መለያየቱ በሕግና በደንብ የተጻፈ ሲሆን በሰሜን ግን ሕጉ ዝም ባለበት ዱላው ይሠራ ነበር።

የግንባታው ዘመን

ከ1933 እስከ 1938 ባሉት ዓመታት የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ አጥነትን ለመቀነስ ባወጣው ፕሮግራም አማካይነት 750 የሚጠጉ የሕዝብ ገንዳዎች ተሠሩ ወይም ታደሱ። በኒው ዮርክ ብቻ በ1936 የበጋ ወራት 11 ታላላቅ ገንዳዎች ተከፈቱ። በማጣሪያቸው፣ በመብራታቸውና በአንድ ጊዜ በሚያስተናግዱት ሕዝብ ብዛት በዘመኑ የሚደነቁ ሥራዎች ነበሩ። ዋና የብዙኃን መዝናኛ የሆነው በዚህ ዘመን ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ነጭ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በገንዳ ዳር አሳደጉ፤ እነዚያ ልጆችም ተራቸው ሲደርስ ለልጆቻቸው አስተማሩ። የጥቁር ቤተሰቦች ግን በአብዛኛው ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ቀሩ። ለእነርሱ ገንዳ በተሠራባቸው ከተሞች እንኳ አነስተኛ፣ በቁጥር ጥቂትና ሩቅ ነበር።

ባልቲሞር ለዚህ አስረጅ ትሆናለች። ከተማዋ በድሩይድ ሂል መናፈሻ ለጥቁሮች የሠራችው ገንዳ በ1921 ሲከፈት በዚያው መናፈሻ ካለው የነጮቹ ገንዳ በግማሽ ያነሰ ነበር። በዚህ አንድ ገንዳ እንዲገለገሉ የተተዉት የከተማዋ ጥቁር ነዋሪዎች ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ። ገንዳው የሚርቃቸው ልጆች ወንዝ ይወርዱ ነበር። በ1953 የበጋ ወራት አንድ የ13 ዓመት ጥቁር ልጅ በፓታፕስኮ ወንዝ ሲዋኝ ሰምጦ ሞተ። በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው አንድ ተጨማሪ የሰጠመ ጥቁር ልጅ ነው፤ ገንዳው የት እንደ ነበረ መዝገቡ አይናገርም።

ክፍት በር፣ ባዶ ገንዳ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የገንዳዎቹ በር በሕግ መከፈት ጀመረ። ይሁን እንጂ በሩ በተከፈተ ቁጥር ገንዳው ራሱ እየጠፋ ሄደ። የታሪኩ ከባድ ክፍል ይህ ነው።

በሴንት ሉዊስ ከተማ በ1913 የተሠራው የፌርግራውንድ ፓርክ ገንዳ ከአገሪቱ ትልልቅ ገንዳዎች አንዱ ነበር። ጁን 21 ቀን 1949 ለጥቁሮችም ሲከፈት ጥቂት ጥቁር ልጆች ገብተው ዋኙ። አጥሩን ከብቦ ይጠብቅ የነበረው ነጭ ሕዝብ ልጆቹ ሲወጡ ይደበድባቸው ጀመር፤ ወደ ማታም ሕዝቡ በሺህ የሚቆጠር ሆነ። ከንቲባው በዚያው ቀን ትእዛዙን ሰረዘ። በማግስቱ ዓመት ፍርድ ቤት ገንዳው ለሁሉም እንዲከፈት ሲወስን ነጮቹ ትተውት ሄዱ። በ1948 ከ300 ሺህ በላይ የነበረው የዋናተኛ ምዝገባ ወደ 10 ሺህ ገደማ ወረደ። ገንዳው በ1956 ተዘጋ።

በባልቲሞር የቀረበው ክስ በ1955 በይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወርም በጠቅላይ ፍርድ ቤት ለጥቁሮቹ ተፈረደ። ከዚያ በፊት በ1954 የመጀመሪያው ዳኛ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ባለ ጥቂት ወራት ውስጥ፣ የመዋኛ ገንዳ ከትምህርት ቤት ይልቅ የሚያስቆጣ ቦታ ስለ ሆነ መለያየቱ ሊቀጥል ይችላል ብሎ ነበር።

በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የቢሎክሲ ከተማ ጉዳይ ለመሐንዲሶች በተለይ የሚጠቀስ ነው። በ1947 ከደረሰው ታላቅ አውሎ ነፋስ በኋላ፣ ጠረፉን ከማዕበል ለመከላከል በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ከባሕሩ ወለል አሸዋ ተቀድቶ 26 ማይል የሚረዝም ሰው ሠራሽ የባሕር ዳርቻ ተሠራ። በሕዝብ ገንዘብ በተሠራው በዚህ አሸዋ ላይ ግን ጥቁሮች እንዳይረግጡ ተከለከሉ። ዶክተር ጊልበርት ሜሰን የተባለ ጥቁር ሐኪም ከ1959 ጀምሮ ወገኖቹን እያስተባበረ ወደ ባሕሩ ይገባ ጀመር። በኤፕሪል 24 ቀን 1960 ሰልፈኞቹ በዱላና በሰንሰለት ተደበደቡ። የዳርቻው ሕዝባዊነት በፍርድ ቤት የተረጋገጠው በ1968 ነው።

በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር በሴንት ኦገስቲን ከተማ ደግሞ ጁን 18 ቀን 1964 ጥቁርና ነጭ ወጣቶች አብረው በአንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ሲገቡ የሆቴሉ ባለቤት ለማጽጃ የሚያገለግል አሲድ ወደ ውሃው ሲያፈስ በፎቶግራፍ ተነሣ። ፎቶግራፉ ዓለምን በዞረበት በማግሥቱ የአገሪቱ ሴኔት የሲቪል መብቶችን ሕግ አጸደቀ።

ሕጉ ግን ገንዳን የመዝጋት መብት አልነካም። የሚሲሲፒ ዋና ከተማ ጃክሰን አምስት የሕዝብ ገንዳዎች ነበሯት፤ አራቱ ለነጮች፣ አንዱ ለጥቁሮች። መለያየቱ ሕገ ወጥ ነው ሲባል ከተማዋ ሁሉንም ከማዋሐድ ይልቅ አራቱን ዘጋች፤ የአምስተኛውንም ኪራይ ውል አቋረጠች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1971 በ5 ለ4 ድምፅ ለከተማዋ ተፈረደ። የብዙኃኑ ዳኞች ምክንያት፣ ገንዳው የተዘጋው በጥቁሩም በነጩም ላይ እኩል ነው የሚል ነበር።

በወረቀት ላይ እኩል የነበረው መዘጋት በመሬት ላይ እኩል አልነበረም። ነጩ ሌላ ውሃ ነበረው። በ1950 በግቢያቸው ውስጥ የተቆፈረ ገንዳ የነበራቸው አሜሪካውያን ቤተሰቦች 2500 ያህል ብቻ ሲሆኑ በ1999 ቁጥራቸው 4 ሚሊዮን ደረሰ። በከተማ ዳርቻ በተስፋፉት አዳዲስ ሰፈሮች ነዋሪዎች እየተዋጡ የሚያሠሯቸው የዋና ክበቦችም በዙ። ከእነዚህ ክበቦች አንዱ በሜሪላንድ ጥቁር ቤተሰብ አልቀበልም ብሎ ተከሶ በ1973 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተፈርዶበታል፤ ይሁንና ሰፈሩ ራሱ በነጮች የተያዘ ሲሆን የክበቡ በር መከፈት የሚጠቅመው ለጥቂቶች ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በትልልቅ ከተሞች በተነሣው ሁከት የተደናገጡ አስተዳደሮች በጥቁሮች ሰፈር ገንዳ መሥራት ጀመሩ። በኒው ዮርክ የተተከሉት ብዙዎቹ ግን ስፋታቸው 20 በ40 ጫማ፣ ጥልቀታቸው 3 ጫማ ገደማ ነበር። በሙቀት ቀን ልጅን ለማቀዝቀዝ በቂ ነው፤ ዋና ለማስተማር ግን አይበቃም። የገንዳው ልክ ከተጠቃሚው ምን እንደሚጠበቅ አስቀድሞ ይናገራል።

ስለ ሰውነት የተባለው

የገንዳው ታሪክ ሲረሳ ትርጓሜው ወደ አካል ዞረ። በ1969 በአንድ የትምህርት መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ፣ ጥቁሮች ዋና ለመማር የሚቸገሩት ሰውነታቸው በውሃ ላይ በቀላሉ ስለማይንሳፈፍ ሊሆን እንደሚችል አቀረበ። በኤፕሪል 6 ቀን 1987 ደግሞ፣ ጃኪ ሮቢንሰን የቤዝቦልን የዘር አጥር ከሰበረ 40 ዓመት መሙላቱን ለማሰብ በተዘጋጀ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ፣ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ክለብ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረው አል ካምፓኒስ ተጠየቀ። ጥያቄው ጥቁሮች በክለቦች አመራር ላይ ለምን እንደማይታዩ ነበር። ለዚያ የሚያስፈልገው ነገር ሳይጎድላቸው እንደማይቀር ከተናገረ በኋላ፣ ዋናተኞች የማይሆኑትም መንሳፈፍ ስለማይችሉ ነው ብሎ ጨመረበት። በሁለት ቀን ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። ካምፓኒስ በ1946 ከሮቢንሰን ጋር በአንድ ቡድን የተጫወተ ሰው ነበር። ስለዚህ አስተያየቱ ከጥላቻ ብቻ የመነጨ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ለዘመናት በዓይን የታየው የቁጥር ልዩነት ማብራሪያ ሆኖ የቀረበለት ይኸው ነበር።

ቲዎሪው ግን ከታሪክ ጋር ይጋጫል። በ1602 ስለ ምዕራብ አፍሪካ የጻፈው ፒተር ደ ማሬስ የተባለ ሆላንዳዊ የጠረፉ ነዋሪዎች እጅግ የተካኑ ዋናተኞችና ጠላቂዎች መሆናቸውን መስክሯል። በባርነት ወደ አሜሪካ አህጉር የተጋዙ አፍሪካውያንም ከባሕር ወለል ሉል ለመልቀምና ከሰመጡ መርከቦች ዕቃ ለማውጣት ይሠማሩ ነበር። ይህን ችሎታ የነጠቃቸው አጥንታቸው ሳይሆን ከውሃው መራቃቸው ነው።

በ1988 የሶል ኦሊምፒክ በ100 ሜትር የቢራቢሮ ዋና አንቶኒ ኔስቲ የተባለ የሱሪናም ጥቁር ወጣት በ53.00 ሴኮንድ አንደኛ ሲወጣ፣ ታዋቂው አሜሪካዊ ማት ቢዮንዲ በ53.01 ሁለተኛ ሆነ። በዚያን ጊዜ በሱሪናም የነበረው 50 ሜትር ርዝመት ያለው ገንዳ አንድ ብቻ ነበር። ኔስቲ በዚያ ጀምሮ በፍሎሪዳ ሥልጠናውን አጠናከረ። አንድ ገንዳ፣ አንድ አሠልጣኝና በቂ ዓመታት ሲገናኙ የተንሳፋፊነቱ ጥያቄ አልተነሣም።

ይህ አነባበብ ሰውን የሚያሳንሰው ሲነቅፍ ብቻ አይደለም፤ ሲያመሰግንም ያው ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በአሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን መሪነት ለረጅም ጊዜ የተዘጋጀ አትሌት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የኢትዮጵያ ሯጮች ድል በውጭ ጸሐፊዎች ዘንድ አዘውትሮ የሚብራራው በደጋው አየርና በቀጭን እግር ነው። የአየሩ ድርሻ ባይካድም ልምምዱ፣ ክለቡና ውድድሩ ከትንታኔው ውስጥ ይጠፋሉ። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ ኦገስት 11 ቀን ሲሞን ማኑኤል በ100 ሜትር ነጻ ዋና 52.70 ሴኮንድ ሮጣ ያህል ተወርውራ ከካናዳዊቷ ፔኒ ኦሌክሲያክ ጋር እኩል በመግባት በግል የዋና ውድድር የወርቅ ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። በማግሥቱ አልማዝ አያና በ10 ሺህ ሜትር ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሴኮንድ ሰበረች። የመጀመሪያው ድል የጥቁር አካል ገደብ ነው የተባለውን አፈረሰ፤ ሁለተኛው ድል ደግሞ የአካል ስጦታ ተብሎ በብዙዎች ታለፈ።

የዛሬው ቁጥር

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ1999 እስከ 2010 ያለውን የሞት መዝገብ መርምሮ በ2014 ያወጣው ጥናት በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ነው። እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ በማንኛውም ውሃ ሰምጦ የመሞት መጠን በጥቁሮች ላይ ከነጮች 1.4 እጥፍ ነበር። ከ5 እስከ 19 ዓመት ያሉት በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ብቻ ሲታዩ ግን ልዩነቱ 5.5 እጥፍ፣ በ11 እና በ12 ዓመት ልጆች ላይ ደግሞ 10 እጥፍ ሆነ።

ምክንያቱ የማይንሳፈፍ አካል ቢሆን ኖሮ ሐይቁም፣ ወንዙም፣ ገንዳውም አንድ ዓይነት ልዩነት ባሳዩ ነበር። የውሃ ሕግ በገንዳና በሐይቅ አይለያይም። ልዩነቱ የሰፋው ግን ግድግዳው ቅርብ፣ ወለሉ የሚታይ፣ ማዕበል የሌለበትና ጥቂት ትምህርት ሕይወትን ሊያተርፍ በሚችልበት ቦታ ላይ ነው። ከዚህም በላይ መጠኑ የተሰላው ለሕዝቡ ብዛት እንጂ ወደ ውሃ ለሚገቡት ሰዎች ብዛት አይደለም። ወደ ውሃ የሚገቡት ጥቁሮች በቁጥር ያነሱ ከሆነ እውነተኛው አደጋ ሠንጠረዡ ከሚያሳየውም የከፋ ነው።

የችሎታው ቁጥርም ይህንኑ ይደግፋል። ማዕከሉ በ2024 እንዳስታወቀው ዋና የማይችሉት ከአዋቂዎች ሁሉ ከመቶ 15 ሲሆኑ ከጥቁር አዋቂዎች መካከል ከመቶ 37 ናቸው፤ ከጥቁር አዋቂዎች ከመቶ 63 የሚሆኑት የዋና ትምህርት ከቶ አልወሰዱም። የሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ የዋና ስፖርት አካል ጋር ባካሄደው ጥናት፣ ዋና የማይችሉ ወይም ችሎታቸው ዝቅተኛ የሆነ ጥቁር ልጆች በ2010 ወደ 70 በመቶ ሲጠጉ በ2017 ወደ 64 በመቶ ወርደዋል። በሰባት ዓመት ውስጥ የዘር ተፈጥሮ አይለወጥም፤ የትምህርት ዕድል ግን ሊለወጥ ይችላል። ጥናቱ ያገኘው ሌላ ነገርም አለ፤ ወላጅ ዋና የማይችል ከሆነ ልጁ የመማር ዕድሉ 19 በመቶ ብቻ ነው። በ1950ዎቹ በሩ የተዘጋበት ልጅ ዛሬ አያት ነው፤ የበሩ መዘጋት ከእርሱ ወደ ልጁ፣ ከልጁም ወደ ልጅ ልጁ ተላልፏል።

ይህ ውርስ ምን ማለት እንደሆነ ኦገስት 2 ቀን 2010 በሉዊዚያና በሽሪቭፖርት ከተማ ታየ። በቀይ ወንዝ ዳር የሚዝናኑ ቤተሰቦች ነበሩ። አንድ ወጣት ጥልቅ ቦታ ላይ ገብቶ ሲሰጥም ሌሎቹ እርሱን ለማዳን ተራ በተራ ገቡ። ስድስት ጥቁር ወጣቶች ሞቱ። አንዳቸውም ዋና አይችሉም ነበር፤ ዳር ቆመው የሚጮኹት ወላጆቻቸውም እንዲሁ።

ሊጠገን የሚችል ነገር

ፊላዴልፊያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ትጠቀሳለች። በ1971 ጂም ኤሊስ የተባለ መምህር በጥቁሮች ሰፈር በሚገኝ የማዘጋጃ ቤት መዝናኛ ውስጥ የዋና ቡድን አቋቋመ። ገንዳው የሕዝብ፣ ልጆቹም የሰፈሩ ነበሩ። ከዚያ ቡድን የወጡ ዋናተኞች የአገሪቱን የኦሊምፒክ ማጣሪያ እስከ መወዳደር ደረሱ። ከላይ የተጠቀሰው አንቶኒ ኔስቲም በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የአሜሪካ ወንዶች የዋና ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆነ፤ ይህን ኃላፊነት የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር ነው።

የቀሩት እንቅፋቶች ሁሉ የግንብና የበጀት አይደሉም። ለጥቁር ሴቶች የፀጉር አያያዝ ከውሃና ከክሎሪን ጋር የሚያስቸግር ጉዳይ ነው። ለተፈጥሮ ፀጉራቸው የሚመጥን ሰፋ ያለ የዋና ቆብ ሲዘጋጅ የዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን በ2021 አልፈቀደም፤ በ2022 ግን ውሳኔውን ለውጦ ፈቀደ። የቤተሰብ ፍርሃትም አለ፤ ውሃን የሚፈራ ወላጅ ልጁን ከውሃ ያርቃል፤ የራቀውም ልጅ አንድ ቀን ሳያውቅ ይገባበታል። እነዚህ እንቅፋቶች እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን እነርሱም ቢሆኑ ከተዘጋው በር ጋር አብረው ያደጉ እንጂ በደም የተወረሱ አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት በሁለት ረገድ የሙያ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ቁጥርን ይመለከታል። የሁለት ዘሮች ልዩነት በሠንጠረዥ በቀረበ ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ዱ ቦይስ በ1899 የጠየቀው ነው፤ ከዚህ ዓምድ አጠገብ መኖር ሲገባው የጎደለው ዓምድ የትኛው ነው? ለሞቱ ቁጥር ቧንቧው፣ ለመስጠሙ ቁጥር የገንዳው ርቀትና ጥልቀት፣ ለውድድሩ ቁጥር አሠልጣኙና የልምምዱ ሰዓት መቅረብ ነበረባቸው።

ሁለተኛው ግንባታን ይመለከታል። አንድ የሕዝብ ሥራ ሲነደፍ የአፈሩ ጥናት፣ የኮንክሪቱ ጥንካሬና የፓምፑ ጉልበት በጥንቃቄ ይሰላል። ሥራው የሚቆምበት ሰፈር፣ የሚከፈትበት ሰዓት፣ የመግቢያው ዋጋና የጥገናው በጀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሰው ይተዋል። የሴንት ሉዊሱ ገንዳ የተዘጋው ግድግዳው ተሰንጥቆ አይደለም። የቢሎክሲ አሸዋም ከጠረፉ ላይ አልተጠረገም። እነዚህ ሥራዎች በሥዕላቸው መሠረት በሚገባ ተሠርተው ነበር፤ ለማን እንደ ተሠሩ ግን ሥዕሉ አልተናገረም። በሥዕሉ ላይ ያልሰፈረው ነገር ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በሟቾች መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል።